ቻትስዎርዝ፦ ነገሥታቱ ሳያድሩበት ተማሪዎች ያደሩበት ቤት

በእንግሊዝ አገር በደርቢሸር የሚገኘው ቻትስዎርዝ፣ የዴቨንሻየር መስፍኖች መኖሪያ፣ አብዛኛው ጎብኚ ለሥዕሎቹና ለአትክልት ቦታው ሲል የሚሄድበት ቤት ነው። በእኔ ግምት ግን የመግቢያውን ክፍያ የሚያካክሰው፣ ቤቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ ያሳለፈው ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ መንግሥት በሰሜን ዌልስ ኮልዊን ቤይ የነበረውን፣ ፔንሮስ ኮሌጅ የተባለውን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሕንፃ ለምግብ ሚኒስቴር ስለወሰደው ተማሪዎቹ መጠለያ አጡ። ትልልቅ መኖሪያ ቤቶች ለጦር ሠራዊቱ ሊወሰዱ እንደሚችሉ የተረዱት 10ኛው መስፍን ደግሞ፣ ከወታደር ይልቅ ልጃገረዶች ቤቱን በጥንቃቄ ይይዙታል ብለው አሰቡ። የቤቱ ዕቃ በ11 ቀን ውስጥ ተሸክፎ ተነሣና፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ 300 ያህል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ገቡበት።

በጉብኝቱ ጊዜ ወስዶ መታየት ያለበት የክብር እንግዶች ክፍሎች የሚገኙበት ፎቅ ነው። በኋላ 1ኛው መስፍን የሆኑት ባለቤት ከ1687 ጀምሮ ቤቱን እንደ አዲስ ሲያሠሩ፣ እነዚህን ክፍሎች ለንጉሥ ዊልያም 3ኛና ለንግሥት ሜሪ ማረፊያነት ቢያዘጋጇቸውም ነገሥታቱ ሳይመጡ ቀሩ። ለእነርሱ በተደገሰው ስፍራ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተማሪዎች አልጋ ተደረደረበት። በመካከሉ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው፣ ልጆቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ያዩት የነበረውን በሥዕል የተሸፈነ ጣሪያ ያያል። እንግዲህ ያን ያህል ልጅ በአንድ ክፍል ሲተኛ የትንፋሹ እርጥበት መውጫ ስላልነበረው፣ ከአንዳንድ ሥዕሎች ጀርባ ሻጋታ እስከ መብቀል ደርሶ ነበር። መስፍኑ ይህን አስቀድመው ያሰቡበት አይመስለኝም፤ ሆኖም የጦር ሰፈር የሆኑ ሌሎች ቤቶች ከደረሰባቸው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ውሳኔያቸው ትክክል ነበር።

ትምህርት ቤቱ በ1946 ለቅቆ ወጣ፤ ቤቱም በ1949 እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ።

የወርቅ ቅቡ ብዛት ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ጊዜ የሚያጥረው ሰው የታችኞቹን ክፍሎች ቶሎ አልፎ ወደ ላይኛው ፎቅ ቢወጣ፣ ስለ ፔንሮስ ልጆችም በየክፍሉ የሚቆሙትን አስጎብኚዎች ቢጠይቅ ይሻላል። ለቤቱና ለአትክልት ቦታው አንድ ሙሉ ቀን መመደብ ይገባል፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ በተለይ እመክረዋለሁ።