መሳቢያው የማይቆም ካቢኔት፦ ከክረምት እስከ ትንሣኤ የተጠቀምንበት የብሎክ ማስቀመጫ

ብረቱ ጥሩ ነው። ቀለሙ አልተላጠም፣ ቁልፉ ይሠራል፣ አይጥ አልገባበትም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ንዴቴ ልግባ።

መሳቢያው ማቆሚያ የለውም። ስትስበው ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ጭራሽ ከካቢኔቱ ይወጣል። ባዶ ከሆነ እጅህ ላይ ይቀራል፣ መልሰህ ትከተዋለህ። በፓራፊን ብሎክ፣ ማለትም የሕመምተኛ ሥጋ ናሙና በያዘ የሰም ቁራጭ፣ የተሞላ ከሆነ ግን የምታገኘው መሬት ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ አለችን፣ ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ ምን በሽታ እንዳለበት የሚመረመርባት። ከጡት፣ ከአንገት እጢ፣ ከቆዳ፣ ከማህፀን የተወሰደ ናሙና ፎርማሊን በሚባል ማቆያ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ ይመጣል። ፓቶሎጂስቷ አይታና ለክታ የሚያስፈልገውን ትቆርጣለች። ቁራጩ ካሴት የምንላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ኬሚካል ያልፋል፣ ከዚያ የቀለጠ ፓራፊን ይጠጣል። ሲቀዘቅዝ ብሎክ ሆነ ማለት ነው። ከብሎኩ ላይ ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ የምንልጠው 3 ወይም 4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚሆን ስስ ነገር ነው። እሱ ስላይድ ላይ ወጥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይነበባል። የቀረው ሥጋ፣ አብዛኛው ማለት ነው፣ ብሎኩ ውስጥ አለ። ካቢኔቱ የተገዛው ለእሱ ነው።

«ውጤቱ ከወጣ በኋላ ምን ይሠራላችኋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን ሳትቀር ትለኛለች፣ በተለይ የካቢኔቱን ደረሰኝ ካየች ወዲህ። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ብሎክም ስላይድም ቢያንስ 10 ዓመት ይቀመጥ ይላል። በፎርማሊን የተረፈው እርጥብ ሥጋ ግን ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ 2 ሳምንት ከቆየ ይበቃዋል። እኛም በዚሁ ነው የምንሄደው። በሽታው ከዓመታት በኋላ ቢመለስ ከድሮው ጋር ማስተያየት ይኖራል። ሌላ ፓቶሎጂስት ልየው ይላል። የጡት ካንሰር ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ (ሆርሞን የሚይዝበት ፕሮቲን) አለው ወይስ የለውም የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። ካለው እንደ ታሞክሲፈን ያለ ኪኒን ይረዳታል። ከሌለው ኪኒኑ አይረዳትም፣ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ይህ ምርመራ የሚሠራው ከብሎኩ ላይ አዲስ በሚቆረጥ ስላይድ ነው።

ታዲያ አስቀድሞ ቆራርጦ ስላይዱን ማስቀመጥስ? አይሆንም። የተቆረጠና ቀለም ያልተቀባ ስላይድ ሲቆይ፣ ምርመራው የሚፈልገው ፕሮቲን በወራት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ብሎክ ውስጥ ያለው ግን ዓመታት ይጠብቃል። ስለዚህ ብሎኩ መኖር አለበት። መኖር ብቻም አይደለም፣ ሲፈለግ መገኘት አለበት።

ከካቢኔቱ በፊት ብሎኮቹ በካርቶን ነበሩ። የጓንት ካርቶን፣ የስሪንጅ ካርቶን፣ ያገኘነው ሁሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰውን ብቻ አይደለም ቤት የሚያስገባው። አይጥ ፓራፊን ይበላል። ለዚያውም መርጦ፣ ሥጋው ያለበትን መሀሉን ፍቆ ካሴቱን ባዶ ይተውልሃል። ያን ካየሁ በኋላ ለብረት ካቢኔት ገንዘብ ማውጣት አላሳዘነኝም። ዛሬም አያሳዝነኝም። ከገባ ወዲህ አንድም ብሎክ አልተነካም። በዚህ በኩል ካቢኔቱን የሚያማብኝ ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ።

ሻጩ ጎበዝ ነበር። የላሜራውን ውፍረት፣ የቀለሙን ዓይነት፣ በአንድ መሳቢያ ስንት ብሎክ እንደሚገባ በቃሉ ያውቃል። «ጋሼ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለኝ። ይተርፋል፣ አልካድኩም። ግን ማሳያ ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ካቢኔት ለምን ባዶ ሆነ? ባዶ መሳቢያማ የማንም ይንሸራተታል። አንዷ ብሎክ ክብደቷ ምንም ነው፣ መሳቢያ ሙሉ ስትሆን ግን ክንድ ትፈትናለች። አንተ ስንት ይይዛል የሚለውን ሸጥክልኝ። እኔ የምፈልገው ሳይደባለቅ ስንቱን አወጣለሁ የሚለውን ነው። አሁን «ጋሼ፣ በሁለት እጅ ቢስቡት እኮ» ሊለኝ ነው። በሁለት እጅ ስቤ ብሎኩን በምን ላውጣ?

ነገሩ የፈላው በሰሞነ ሕማማት ነው። ከመሐል ሜዳ አንድ ትልቅ ሰው የእህታቸውን ብሎክ ሊወስዱ መጡ። አዲስ አበባ የሚከታተላት ሐኪም ያንኑ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊያሠራላት ብሎኩን አምጡ ብሏል። ሰውየው በሌሊት ከመንዝ ተነሥተው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደረሱ። ከእኛ ተቀብለው የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር በዚያው ቀን ሊሄዱ ነው። ባልደረባዬ መሳቢያውን ሳበች። ቁጥሩ ከኋላ በኩል ስለነበር ትንሽ ጨመረች። መሳቢያው ወጣ። በአንድ በኩል የ2016 ዓ.ም.፣ በሌላ በኩል የ2017 ዓ.ም. ብሎክ የተደረደረበት ነበር። ሁሉም ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ።

ብሎክ ቢወድቅ ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ፓራፊን ሲበርደው ይደርቃል፣ እዚህ አገር ደግሞ ሁልጊዜም በርዶታል። ሲወድቅ አንዳንዱ ከካሴቱ ተላቀቀ። ቁጥሩ ያለው ካሴቱ ላይ ነው፣ ፓራፊኑ ላይ ምንም የለም። ከካሴቱ የተለየች ብሎክ የማን እንደሆነች አትናገርም። የአንዷን ሴት ሥጋ ለሌላዋ ሰጠህ ማለት የአንዷን መድኃኒት ለሌላዋ አዘዝክ ማለት ነው። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነበር።

ሰውየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊለቅሙልን ጎንበስ አሉ። ባልደረባዬ «ተዉት አባቴ፣ እኛ እናነሣዋለን» አለቻቸው። ቀና ብለው «እሺ ልጄ፣ የኔዋስ የትኛዋ ናት?» አሉ። ምን ይመለሳል?

የሳቸው እህት ብሎክ ከካሴቷ አልተላቀቀችም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ የተገኘችው ከሰዓት በኋላ ነው። መኪና ቢያገኙም የላቦራቶሪው ሰዓት አልፎባቸዋል፣ አዲስ አበባ አድረው ነው ያስረከቡት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። እሱ ነው የባሰብኝ።

የተላቀቁትን በስላይዳቸው ለየናቸው። ብሎኩ ፊት ላይ የሚታየው የሥጋ ቅርጽና ስላይዱ ላይ ያለው ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው። ጎን ለጎን እያደረግክ፣ እያገላበጥክ ታመሳስላለህ። ፓቶሎጂስቷ ደግሞ ከእያንዳንዱ ላይ አዲስ አስቆርጣ በማይክሮስኮፕ አረጋገጠች። ከዚያ በፊት ወደ ካሴት የተመለሰ የለም። ቁጥራችን መስከረም ላይ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር 87/16 እና 87/17 አብረው ወድቀው ሲገኙ ዓይን ያታልላል። አንድ ነገር ረዳን፣ ካሴት ላይ የምንጽፈው በእርሳስ ነው። ተራ ማርከር አልኮልና ዛይሊን ውስጥ ይታጠባል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። የማይነበብ ቁጥር አልገጠመንም። ያን ሰሞን ስግደታችንን እዚያው ላቦራቶሪ ወለል ላይ ጨረስነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማቆሚያ ያለው ሞዴል አለን ጋሼ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል።» ማለት ችግሩን ያውቀዋል! ያኔ ካታሎጉን ሲገልጥ ያንን ገጽ ዘሎታል። ማቆሚያ እንደ መኪና ጌጥ ለብቻው የሚሸጥ ነገር ነው እንዴ? መሳቢያ እስከሆነ ድረስ የሚቆምበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

መላው የመጣው ከሰፈራችን ብየዳ ቤት ነው። ልጁ የብየዳ ማሽኑን አሸክሞ ሲመጣ በር ላይ አስቆምኩት። ፓራፊን ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የብየዳ እሳት አጠገብ ብሎክ ማለት ሻማ ማለት ነው። ልጁ ግን ብልህ ነው። «እንግዲያው ጋሼ፣ በትራፓኖ በስቼ በቦልት ላድርግልዎት» አለ። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ባዶ አድርገን ወደ ግቢ አወጣንለት። ከእያንዳንዱ ጀርባ የታጠፈች ቁራጭ ላሜራ አሰረ፣ መሳቢያው ሲሳብ መጨረሻው ላይ ካቢኔቱን ታቅፎ ይቆማል። የብረት ፍቅፋቂውንም ጠርጎ ሄደ። ለሁሉም የከፈልኩት ለፋሲካ ከገዛሁት በግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ሲሠራው ስንት ያወጣ ነበር?

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። ላይኛዎቹ ሁለት መሳቢያዎች አብረው ከተከፈቱ ካቢኔቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። እኛ ከግድግዳ ጋር አስረነዋል፣ እናንተም ሳትሞሉት እሠሩት። የመሳቢያ ምልክት የሚገባባት ፕላስቲክ ትንሽ ናት፣ ከዓመተ ምህረቱና ከመጀመሪያው ቁጥር ሌላ አትችልም።

ሻጩ «ታችኛው ላይ የፎርማሊን ዕቃ ይቀመጣል» ብሎኝም ነበር። እሱን እንኳ አልሰማሁትም። ፎርማሊን ሲተን አየሩ ውስጥ ፎርሚክ አሲድ ይፈጠራል፣ ፎርሚክ አሲድ ብረት ያዝጋል። ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነገር ነው። ቦታው አየር የሚያወጣ ክፍል ነው፣ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚከፍተው ካቢኔት አይደለም። እርጥቡ ለብቻው፣ ብሎኩ ለብቻው።

ብሎኩን ከመክተታችን በፊት የተቆረጠውን ፊቱን እንደገና በቀለጠ ፓራፊን እንሸፍነዋለን። ሥጋው ለአየርና ለነፍሳት ተጋልጦ እንዳይቀር ነው። ይህን ካቢኔት አያደርግልህም፣ የትኛውም ካቢኔት።

ሸዋ ሮቢት ያለ ወዳጄ ተመሳሳዩን ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ለብሎክ የሚመከረው ከ27 ዲግሪ በታች የሆነ ደረቅ ቦታ ነው፣ እሱን ደብረ ብርሃን በነፃ ይሰጠናል። ጣርማ በርን ተሻግረህ ቆላ ስትወርድ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። የብረት ካቢኔት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል፣ በሚያዝያ ከሰዓት? ብሎኩ ባይቀልጥም ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለእሱ ያልኩት መጀመሪያ ክፍሉን አስተካክል፣ ካቢኔቱ ይደርሳል ነው። ሲገዛም ማቆሚያ ያለውን፣ ከፍ ያለውን ዋጋ እየተሳደበም ቢሆን።

እኔስ መልሼ እገዛዋለሁ? በሕማማት ብትጠይቁኝ ሻጩ በር ላይ አራግፌው እመጣ ነበር። አሁን ቦልቱ ገብቶ፣ መሳቢያው ኳ ብሎ ሲቆም እየሰማሁ፣ አይጥም ተስፋ ቆርጦ፣ ልሸጠው ነው ብል ውሸት ነው። ብረቱን ወድጄዋለሁ። የተቀየምኩት ሰውየውን ነው።

ችግሩ ሁለተኛ ካቢኔት ሊያስፈልገን ነው። ብሎክ 10 ዓመት እየተቀመጠ በየቀኑ አዲስ ሲመጣ ቦታ ይሞላል። ለተለያዩ አስመጪዎች ፕሮፎርማ ጠይቄያለሁ። ላሜራውንና ቀለሙን ተዉት፣ አንድ ነገር ብቻ ላኩልኝ አልኳቸው፦ ሙሉ መሳቢያ በአንድ እጅ እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ በቴሌግራም። እስካሁን የመለሰልኝ አንዱ ብቻ ነው። ባዶውን ስቦ ላከልኝ።