ጫማ ለሚጥል ፈረስ የቱ ይሻላል? ምስማር፣ ማጣበቂያ፣ ቦት ወይስ ባዶ ኮቴ

ፈረሱ ጫማ እየጣለ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማይወልቀው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ጫማ የለም። ለአንዱ ፈረስ መፍትሔ የሆነው ዕቃ ለሌላው ገንዘብ ማባከኛ ነው። ስለዚህ ወደ ግዢ ከመሄድዎ በፊት የወለቀውን ጫማ ፈልገው ያግኙት፤ ከኮቴው ጋርም አስተያይተው ይመልከቱት።

ምስማሮቹ ተጣመው፣ ከኮቴው ጎንም ቁራሽ ይዘው ከወጡ ጫማውን አንድ ነገር ጎትቶታል። ጎታቹ ብዙ ጊዜ የፈረሱ የገዛ ራሱ የኋላ እግር ነው። የፊቱ እግር ሳይነሳ የኋላው ይደርስበትና የጫማውን ተረከዝ ረግጦ ይነቅለዋል። ጫማው ሳይጣመም ወልቆ የምስማር ቀዳዳዎቹ ሰፍተውና ዙሪያቸው ተፈርፍሮ ካገኟቸው ግን ጥፋቱ የኮቴው ነው፤ ምስማር የሚይዝ ጤናማ ግድግዳ (ጠንካራ የውጭ ሽፋን) የለውም ማለት ነው። የምስማሮቹ ራስ ተበልቶ አልቆ ግንዳቸው ኮቴው ውስጥ ከቀረ ደግሞ ጫማው ከዕድሜው በላይ ቆይቷል።

የመጨረሻው ዓይነት ምንም ግዢ አይፈልግም። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል፤ ብረቱ ግን ባለበት ነው። ኮቴው ሲረዝም ጫማው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ተረከዙ ድጋፍ ያጣል፣ ታጥፎ የተመታው የምስማር ጫፍም ይላላል። ለአብዛኛው ፈረስ ተስማሚው ቀጠሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ኮቴው ቀስ ብሎ የሚያድግ ፈረስ እስከ 8 ሊደርስ ይችላል። ጫማው ሁልጊዜ ወደ ቀጠሮው መጨረሻ ላይ የሚወልቅበት ፈረስ የሚያስፈልገው ውድ ጫማ ሳይሆን አጠር ያለ ቀጠሮ ነው። ይህን ሳይሞክሩ ማጣበቂያ የሚገዙ ሰዎች ያስገርሙኛል።

ራሱን ለሚረግጥ ፈረስ

እዚህ የመጀመሪያው ግዢ የደወል ቅርጽ ያለው የጎማ መከላከያ ነው። ከኮቴው በላይ ባለው ቀጭን የእግር ክፍል ላይ ይታሰርና ተረከዙን እስከ ታች ይሸፍናል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ወጥ ጎማ ሆኖ በግድ ተለጥጦ የሚገባ ነው፤ ለማስገባት ያታግላል፣ ከገባ ግን በቀላሉ አይወልቅም። ሌላው በቬልክሮ የሚዘጋ ነው፤ በቅጽበት ይገባል፣ ጭቃ ሲጠግብ ግን መያዙን ይተዋል። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚውል ከሆነ ወጡን፣ ለልምምድ ሰዓት ብቻ ከሆነ የቬልክሮውን እመርጣለሁ። ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከላይ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ ከኋላ ደግሞ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይውረድ። አጭር ከሆነ የጫማው ተረከዝ እንደተጋለጠ ይቀራል፣ ግዢውም ከንቱ ይሆናል።

ጫማ የሚመታውን ባለሙያም ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የፊቱ ጫማ አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ተጠቅልሎ እግሩ ቶሎ እንዲነሳ ማድረግ ይቻል እንደሆነ፣ ከተረከዙ ኋላ የተረፈ ብረት እንዳለም። ብረቱ ቢያጥር የሚረገጥ ነገር አይኖርም፤ ከመጠን በላይ ካጠረ ግን ተረከዙ የሚያርፍበት ያጣል። ልኩን መወሰን የእሱ ሥራ ነው።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም

ለዚህ ችግር ምርጫው ቀላል ነው፤ ብረት። ይቆያል፣ እንደገና ተስተካክሎ ሊመታ ይችላል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ልኩ እኩል የሆነ የአሉሚኒየም ጫማ ክብደቱ የብረቱን ሲሶ ያህል ስለሆነ ለእሽቅድምድም ፈረስ ይመረጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበላል።

ይልቅ ሊከፈልበት የሚገባው ጆሮ ያለው ጫማ ነው። ከጫማው ጠርዝ ወደ ላይ የወጣች ትንሽ ምላስ በአፍንጫው ወይም በሁለቱ ጎን ኮቴውን ታቅፈዋለች። ጫማው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ስለምትይዘው ምስማሮቹ የሚሸከሙት ጫና ይቀንሳል። አንድ አደጋ አላት፦ ጫማው በከፊል ወልቆ ከዞረ ፈረሱ በራሷ በጆሮዋ ላይ ቆሞ ውስጥ እግሩን ሊወጋ ይችላል። ዘወትር ጫማ የሚጥል ፈረስ ላይ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ የመርገጡ ችግር በጎማው መከላከያ ከተያዘ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

«ምስማር ይጨመርበት» የሚለውን ምክር አይቀበሉ። በየጎኑ 3 ወይም 4 የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ምስማር ቀዳዳ ነው፤ በደካማ ኮቴ ላይ ቀዳዳ ማብዛት የሚቀጥለውን ጫማ ከወዲሁ ማላላት ነው። ቀጭን ምስማር፣ ጤናማ ቦታ ላይ፣ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ከብዙ ወፍራም ይበልጣል።

ማጣበቂያ

በማጣበቂያ የሚያዝ ጫማ ዋጋው ከምስማሩ በጣም ይበልጣል። ያም ሆኖ ግድግዳው ለተፈረፈረና ምስማር የሚመታበት ቦታ ለጠፋ ፈረስ ብልሃተኛ ምርጫ ነው፤ የተጎዳው ኮቴ ያለ አዲስ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲያድግ ጊዜ ይሰጠዋል። ተራግጦ ለሚነቅል ፈረስ ግን አልመክረውም። በደንብ የተጣበቀ ጫማ በኃይል ሲነቀል የኮቴውን ሽፋን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የምስማር ቀዳዳ ይናፍቃል።

ስኬቱ ያለው ከማጣበቁ በፊት ባለው ሥራ ነው። ኮቴው ይሞረዳል፣ በሻካራ ወረቀት ይፈተጋል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ከዚያም እርጥበቱ እስኪጠፋ ይደርቃል። ከዚህ በኋላ በጣት እንኳ መንካት የለበትም፤ ለማበላሸት የቆዳ ቅባት ይበቃዋል። ከጭቃ ሜዳ የመጣን ፈረስ ወዲያው ለማጣበቅ የሚዘጋጅ ባለሙያ ካዩ ይጠንቀቁ። አክሪሊክ የሚባለው ዓይነት ሲጠነክር ይሞቃል፤ ፈረሱም እስኪጠነክር ድረስ እግሩን ሳያንቀሳቅስ መቆም አለበት። ቅብጥብጥ ለሆነና መቆም ለማይችል ፈረስ ይህ ብቻውን ምርጫውን ይዘጋል። ጠርዙን በማጣበቂያ በሚለጠፍ ጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ክንፍ የሚያቅፈው ዓይነት ሸክሙን በሰፊ ቦታ ስለሚያከፋፍል ከሥር ብቻ ከሚጣበቀው ይሻላል። ዕድሜው ከምስማሩ አይረዝምም፤ በ4 ወይም በ6 ሳምንት መነሳቱ አይቀርም።

ቦት ወይስ ባዶ ኮቴ

ሥራው ቀላል ለሆነና ድንጋይ ላልበዛበት መሬት ጭራሽ ጫማ ማስቀረት ይቻላል፤ የሌለ ጫማ አይወልቅም። ግን ጫማ እንደ ወለቀ በማግስቱ ግልቢያ አይጀመርም። ውስጥ እግሩ እስኪጠነክር ከሳምንታት እስከ ወራት ይፈጃል፤ ሞረዱም በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ አይቀርም። ውስጥ እግሩ ቀጭን የሆነ ፈረስ ጠጠር ላይ ሁልጊዜ ይቸገራል።

በመሀል የሚያግዘው ቦት፣ ማለትም ኮቴው ላይ የሚጠለቅ ተነቃይ ጫማ ነው። ለግልቢያ ይገባል፣ ከግልቢያ በኋላ ይወልቃል። ጫማ ላለው ፈረስም ቢሆን አንድ በልኩ የሆነ ቦት ኮርቻው አጠገብ መኖሩ እንደ መኪና መለዋወጫ ጎማ ነው፤ መንገድ ላይ ጫማ ቢጠፋ ፈረሱ ሳይጎዳ ወደ ቤት ይመለሳል። ሲገዙ የኮቴውን ወርድና ርዝመት ከተሞረደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ይለኩ፤ ያደገ ኮቴ ላይ የተለካ ቦት በሚቀጥለው ሞረድ ይሰፋል። አራቱም እግር አንድ ልክ ነው ብለው አያስቡ፤ የፊቶቹ ክብ፣ የኋላዎቹ ሾጠጥ ያሉ ናቸው። ቬልክሮ ያለው ለማሰር ይቀላል፤ በዘለበት የሚያዘው ጭቃና ውሃ ይችላል። ሁለቱም በተረከዝ ላይ ቆዳ ሊልጡ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን ግልቢያ አጭር አድርገው ቆዳውን ይፈትሹ። ቀንና ሌሊት እግር ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ዕቃ ግን አይደለም።

ጫማ በከፊል ተነቅሎ ካገኙት ፈረሱን አያራምዱት። ምስማር ውስጥ እግሩን ወግቶ ከቆመ ሳይነቅሉት ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ የት ድረስ እንደገባ ማየት የሚችለው ሳይወጣ ነው። ቁስል ከሌለ ኮቴውን በሕፃን ዳይፐር ሸፍነው በጠንካራ ፕላስተር ይጠቅልሉት፤ ባለሙያው እስኪመጣ ጋጣ ውስጥ ይቆይ።

ኮቴው ለሚፈረፈር ፈረስ ከሚሸጡት ተጨማሪዎች ውስጥ ለባዮቲን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) እከፍላለሁ፤ ለቅባቶቹ አልከፍልም። በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ለትልቅ ፈረስ የተለመደ መጠን ነው። ያደገውን ኮቴ አያጠነክረውም፤ ከላይ አዲስ የሚወጣውን ነው። በኮቴው የፊት ጫፍ ላይ ከጠጉሩ ሥር እስከ መሬት አዲስ ኮቴ ለመውረድ ከ9 እስከ 12 ወር ስለሚፈጅ፣ በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቋረጥ ገንዘቡን መጣል ነው። እስከዚያው፣ እግሩን ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ በውሃ የማጠብ ልማድ ካለዎት ይተዉት፤ መርጠብና መድረቅ ሲፈራረቅበት ኮቴው ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉለት።