የሐዘን ልብወለድ፦ በ«እኔ» ወይስ በ«እሷ»?

ልጇን ጣና የወሰደባት የባሕር ዳር እናት ታሪክ በ«እኔ» ሲጻፍ ትዝታው ቢዘበራረቅም ያምርበታል። ቡና ስትቀዳ ሳታስበው አንድ ሲኒ ታበዛለች፤ ከዚያ ወዲያ «አዘንኩ» ማለት ትርፍ ነው። ችግሩ የሌላውን ሐዘን ከውስጥ ማየት አለመቻሏ ነው። ልጇን ያሳፈረው የታንኳ ቀዛፊ ጸጸት የሚደርሳት ለቅሶ ላይ ሲያወራ ከሰማችው ብቻ ነው።

በ«እሷ» ከሆነ ሁለቱም ልብ ውስጥ ይገባል። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ እንደከበደ ቀዛፊው እያወቀ መቅዘፉን አንባቢ ከእናትየዋ ቀድሞ ያውቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው በአንድ አንቀጽ ከእሷ ወደ እሱ ሲዘል ነው፤ ማን እንዳሰበ ይጠፋል። ለየብቻ ምዕራፍ ስጧቸው፣ ጊዜውንም በሠልስቱና በአርባው እሰሩት። ርኅራኄ ለማሳየት ይኼኛው ይሻላል፤ ለአጭር ልብወለድ ግን «እኔ» ይበቃል።