የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ለሚድዋይፈሪ ተማሪዎች፦ የአንድ መምህር ግምገማ

የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት ሙያ) ተማሪዎች ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለተግባር ልምምድ ሲዘጋጁ ከመጽሐፍ አስቀድመው የሚከፍቱት በስልካቸው ላይ የተጫነውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ከሆነ ሰንብቷል። ይጠቀሙ ወይስ አይጠቀሙ የሚለው ክርክር ጊዜው ስላለፈበት፣ ረዳቱ ለማስተማሪያነት የሚያገለግለው በምን በምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚያቆም ለማየት ከተማሪዎች ጋር ሆኜ በነጻውም በሚከፈልበትም ደረጃ ፈትሼዋለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ሌሎች ተመሳሳይ ረዳቶችም በጎ ጎኑንም ጉድለቱንም ስለሚጋሩት ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን የታካሚ ሚና ሲጫወት ነው። ተማሪዋ «የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሆነሽ መልሺልኝ» ብላ ስታዘው፣ ረዳቱ በአማርኛ ጤና ጣቢያ እንደመጣች እናት ሆኖ ይመልሳል፤ ተማሪዋም ሂስትሪ አወሳሰድን፣ ማለትም የታካሚን የሕመም ታሪክ መጠየቅን፣ ያለ ሐፍረት ደጋግማ ትለማመዳለች። መጀመሪያ ላይ ግን ምናባዊቷ እናት ገና «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ስትባል የራስ ምታቱን፣ የዓይን ብዥታውንና የላይኛው ሆድ ሕመሙን በአንድ ትንፋሽ ዘርዝራ ትጨርሳለች። በእውነተኛው የእርግዝና ክትትል ክፍል እንዲህ የምትናገር እናት ብርቅ ናት፤ ራስ ምታቱን የድካም አድርጋው ዝም ያለችውን ጠይቆ ማውጣት ነው የሚድዋይፏ ሥራ። «ካልተጠየቅሽ የራስ ምታቱን አትናገሪ፤ አማትሽ አጠገብሽ ስላለች በአጭር በአጭሩ መልሺ» የሚል ትእዛዝ ሲጨመርበት ልምምዱ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ተማሪዎቹ ስለ ከባድ ፕሪክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ምልክቶች አንድ በአንድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው፤ የረሱትንም ረዳቱ በመጨረሻ ለቅሞ ነገራቸው። አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ በተመደበበት ክፍል ይህን ያህል የተናጠል ልምምድ በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም።

ሕክምናውን ስንጠይቀው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከዚህ ሕመም የሚመጣውን መንዘፍዘፍ ለመከላከል ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ አሰጣጥ የሰጠው መልስ በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ፓምፕ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ግራም የሚሰጥበትን አሠራር የሚከተል ነበር። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ፓምፕ ባለበትና እናቲቱን በየጊዜው የሚከታተል ባለሙያ በማይታጣበት ሆስፒታል የሚሠራበት ነው። ፓምፕ በሌለው ጤና ጣቢያ የምትመደብ ተማሪ ማወቅ ያለባት ግን የጡንቻውን አሰጣጥ ነው፦ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተደርጎ፣ ወዲያውም 5 ግራም በእያንዳንዱ መቀመጫ፣ ከዚያም በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መቀመጫ እያቀያየሩ። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት አተነፋፈሷ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ መሆኑ፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ (ጉልበቷ ሲመታ የሚታየው የእግር መፈናጠር) መኖሩና ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ ይረጋገጣል፤ የመድኃኒቱ ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገብ ይዘጋጃል። ሥራው በጤና ጣቢያ ደረጃ መሆኑን ገልጸን ዳግም ስንጠይቀው ረዳቱ ይህንኑ በትክክል አስቀመጠ። ችግሩ ታዲያ ያላወቀ ተማሪ ዳግም መጠየቅ እንዳለበት ከየት ያውቃል የሚለው ነው።

በምጥ ክትትል ላይ ያየሁት መደበላለቅ ከዚህም ይብሳል ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ንቁ ምጥን ከ5 ሳንቲ ሜትር የማኅፀን በር መከፈት ሲጀምር፣ የቀድሞው የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ፣ ፓርቶግራፍ፣ ከ4 ይጀምራል። የማኅፀን በሯ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ለሦስት ሰዓት ሳይለወጥ የቆየችን እናት ጉዳይ ሰጠነው። በቀድሞው ፓርቶግራፍ ይህች እናት ምጡ ከሚጠበቀው በላይ መዘግየቱን የሚያሳየውን የማስጠንቀቂያ መስመር ስላለፈች ከጤና ጣቢያ ሪፈር ለማድረግ ይታሰባል፤ በአዲሱ ቅጽ ግን 6 ሳንቲ ሜትር ላይ የማስጠንቀቂያ ገደቡ አምስት ሰዓት ነው። ረዳቱ አዲሱን ቅጽ እየጠቀሰ የቀድሞውን መስመር ፍርድ ሰጠ፤ ያውም አንዳች ማመንታት በማይታይበት ቋንቋ። ተማሪዋ ተቋሟ የሚሠራበትን ቅጽ አስቀድማ ካልያዘች ከእንዲህ ያለው መልስ የምታተርፈው ግራ መጋባት ብቻ ነው።

የመውለጃ ቀን ስሌትም ሞክረንለታል። የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ለጀመረ እናት፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ጥቅምት 20 ላይ ይደረሳል፤ ጳጉሜን በመካከሉ ስለምታልፍና በዚያ ዓመት አምስት ቀን ስለነበረች የሚጨመረው ደግሞ 5 ቀን ስለሆነ ቀኑ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ጳጉሜን ባታልፍ ኖሮ የሚጨመረው 10 ቀን ነበር። ረዳቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠኝ ወር ላይ የሚጨመረውን 7 ቀን እንዳለ ወስዶ ጥቅምት 27 አለ። ሁለት ቀን ለእናቲቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ለፈተና ግን ያስጥላል፣ የአሠራሩን ምክንያት ለሚጠይቅ ተማሪም የተሳሳተ ሥር ይተክላል።

ለመማሪያ ክፍል የሚስማማው አጠቃቀም እንግዲህ መምህሩ የአገሪቱን ፕሮቶኮል አስገብቶ «ከዚህ ሰነድ ውጭ አትመልስ፤ ገጹንም ጥቀስ» ብሎ የሚያዝበት ነው። በዚህ መንገድ ከሰነዱ የተዘጋጁት የጉዳይ ጥያቄዎች ጥሩ ነበሩ፤ አልፎ አልፎ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ምርጫ ስለሚያወጣ ግን መምህሩ ሳያነብ ለተማሪ መስጠት የለበትም። እጅ የሚማረውን ደግሞ ማንም አይጠብቅበትም። ሆድን በእጅ በመዳሰስ በሚደረገው የሊዮፖልድ ምርመራ የሕፃኑን ጀርባ ከእጅና እግሩ መለየት፣ ከወሊድ በኋላ የላላ ማኅፀንን አሽቶ ማጠንከር፣ ማማ ናታሊ የተባለችውን የወሊድ ማለማመጃ አሻንጉሊት ወገብ ላይ ታጥቆ ደም መፍሰስን መለማመድ፣ ሁሉም የተግባር ቤተ ሙከራና የማዋለጃ ክፍል ሥራ ነው።

ያለ ኢንተርኔት ለሚሠራ ማመሳከሪያ ከሆነ የተፈለገው፣ በዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተዘጋጀው ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ በሌለበትም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያስረዳል። በነጻ የሚገኝ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በገጠር ወረዳዎች ተሞክሮም የባለሙያዎችን ዕውቀትና ክህሎት ከፍ ማድረጉ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። እንደ ረዳቱ አይወያይም፤ የሚለው ነገር ግን ዛሬም ነገም አንድ ነው።

ተማሪዎች ሳያስቡት የሚፈጽሙት አንድ ነገር አለ፦ የእናቲቱን ካርድ ፎቶ አንስተው ወደ ረዳቱ መላክ። ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷ ሳይቀር ወደማያውቁት አገር ሰርቨር ይሄዳል ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣባት አገር ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም፤ ወደ ተግባር ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት በጽሑፍ ሊከለከሉ ይገባል።

የሚከፈልበት ደረጃ በወር 20 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲሆን ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚፈልግ ለተማሪ የሚታሰብ አይደለም። ነጻው ደረጃ ለሚና ጨዋታው ይበቃል፤ ረጅም ሰነድ ሲጫንበት ግን ገደቡ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ክፍሉ ገንዘብ ካለው አንድ የደንበኝነት ሂሳብ ለመምህራን ቢገዛና ጥያቄዎቹ ተዘጋጅተው፣ ታርመው፣ ታትመው ለተማሪዎች ቢደርሱ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ደግሞ ለጓንትና ለተጨማሪ አሻንጉሊት ይዋል።