በላምባ ምድጃ ላይ የሚጣደው አውቶክሌቭ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ

በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይናቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምና ለመስጠት መብራት ወደሌለባቸው ጤና ኬላዎች ስንወጣ፣ መሣሪያዎቻችንን ከጀርም የምናጸዳው በላምባ ምድጃ ላይ በሚጣድ ተንቀሳቃሽ አውቶክሌቭ ነው። በሰሜን ሸዋ ቆላም ደጋም ይዤው ስለዞርሁ፣ ለመግዛት ለሚያስቡ ጤና ጣቢያዎች ያየሁትን እጽፋለሁ።

ዕቃው ሲያዩት ወፍራም የአልሙኒየም ድስት ነው፤ ክዳኑ በብሎኖች ይጠብቃል፣ በላዩም የግፊት ጌጅ፣ የአየር ማስወጫና የደኅንነት ቫልቭ አለው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በመንገድ መንገጫገጭ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ፣ ውኃው ፈልቶ እንፋሎቱ አየሩን ጠራርጎ እስኪያስወጣ ድረስ ማስወጫውን ክፍት አድርጎ ለሚታገሥ ሰው፣ ያለ ብዙ ችግር ሥራውን ይሠራል።

ደጋ ላይ ግን ጌጁን ብቻ ማመን አይቻልም። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ግፊቱ 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ሲደርስ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሆንና በጨርቅ የተጠቀለለ መሣሪያ በዚያው ለ30 ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ይናገራል፤ ይህ ስሌት የሚሠራው ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። መንዝ ውስጥ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላ ለማብሰል ስንት እንጨት እንደሚፈጅ የአገሩ ባልቴት ሁሉ ያውቃሉ፤ የመመሪያው ጸሐፊ ግን ያሰቡበት አይመስልም። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ የውጭው አየር በሳሳበት ቦታ ያው 15 ቁጥር አነስተኛ ሙቀት ማለት ነው።

ይህን የተረዳሁት መሐል ሜዳ አቅራቢያ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ጥቅሉ መካከል ጨምራ ነበር፤ ስንከፍተው ያነበብነው 116 ነው። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው፣ እንፋሎት ሲነካው የሚጠቁረው የምልክት ቴፕ መስመሮች ግን እንደ ወትሮው ጠቁረው ነበር፤ ቴፕ እንፋሎት እንደነካው እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አይመሰክርም። ሁሉንም እንደገና ጣድነው። የሚወጋቸውን ሽፋሽፍት የሚነቅሉበትን ወረንጦ በማተባቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ከጠዋት ጀምሮ ተራ ሲጠብቁ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ድስታችሁ ዛሬም አልበሰለለት?» አሉኝ። «ትንሽ ይቀረዋል እማማ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

መፍትሔው ለየ300 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፓውንድ ያህል መጨመር ነው፤ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 17፣ መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ ወደ 20 መድረስ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት የደኅንነት ቫልቩ ከዚህ በታች የማይከፈት መሆኑን አረጋግጡ፤ የሚከፈት ከሆነ ዕቃው ለደጋ አይሆንም፤ ቫልቩን በክብደት ወይም በሽቦ ማፈን ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ሌላው ድክመቱ ማድረቂያ የሌለው መሆኑ ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ጥቅሉን ቶሎ ካወጡት ጨርቁ ረጥቦ ይቀራል፣ እርጥብ ጥቅል ደግሞ እንዳልጸዳ ይቆጠራል። እኛ ግፊቱ ዜሮ ከገባ በኋላ ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርገን በድስቱ በራሱ ሙቀት እናደርቀዋለን፤ በሰው የተጨናነቀ ቀን ላይ ይህ ጊዜ ይቆጫል።

ይህ ሁሉ ሆኖም፣ ለዘመቻ ሥራ ዛሬም የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ በጀነሬተር የሚሠራው ነዳጅ ሲያልቅ ሥራውን ሁሉ ይዞ ይቆማል። የክዳኑ ጎሚኒ ግን በሙቀት ይደርቃል፤ የእኛው ተሰነጣጥቆ እንፋሎት ማስወጣት ሲጀምር አቅራቢው ምትኩን ለማምጣት ወራት ስላስጠበቀን ድስቱ ያለ ሥራ መጋዘን ውስጥ ከርሟል። ሁለት ትርፍ ጎሚኒ አብሮት ካልመጣ አትረከቡ።