ማስጠንቀቂያ፦ አሜሪካ ሆናችሁ ካሜራ፣ ላፕቶፕ ወይም ወርቅ በኢንተርኔት ልትሸጡ ላሰባችሁ

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ የ2,000 ዶላር ካሜራ በለጠፋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ «አሁንም አለ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ሰውየው ዋጋ አይከራከርም፣ ዕቃውን ማየትም አይፈልግም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል፤ ገንዘቡን አሁኑኑ በዜል ልላክልሽ፣ ኢሜይልሽን ስጪኝ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ የዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ሂሳብ ገንዘብ መላኪያው) ዓርማ ያለበት ኢሜይል ይደርሳል። ገዢው ከቢዝነስ አካውንት ስለላከ የእናንተም አካውንት ወደ ቢዝነስ መቀየር አለበት፣ ለዚሁ ሲባል 300 ዶላር ጨምሮ ልኳል፣ ትርፉን ስትመልሱለት ሙሉው ገንዘብ ይለቀቃል የሚል ነው።

የላኪውን ስም ጠቅ አድርጋችሁ አድራሻውን ብታዩት ብዙ ጊዜ ተራ ጂሜይል ሆኖ ታገኙታላችሁ። የተላከ ገንዘብ የለም። «ትርፍ» ብላችሁ የምትመልሱት 300 ዶላር ግን ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣ ነው፤ በገዛ እጃችሁ የላካችሁት በመሆኑም ባንኩ ይመልስልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ገንዘብ ገብቶ እንደሆነ የባንካችሁን መተግበሪያ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሂሳባችሁ ላይ እዩ። ኢሜይል፣ የጽሑፍ መልእክትም ሆነ የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም።

«እውነተኛ ሻጭ መሆንሽን ላረጋግጥ፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ንገሪኝ» የሚልም አለ። ያ ኮድ በእናንተ ስልክ የጉግል ቮይስ (በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ) ቁጥር ለማውጣት ነው፤ በዚያ ቁጥር ሌላ ሰው ያጭበረብሩበታል። ኮድ ለማንም አይሰጥም።

ካሼር ቼክ፣ ባንክ ራሱ የሚያወጣው ቼክ ማለት ነው፣ ደግሞ ብዙ ጠንቃቃ ሰው የሚሸወድበት ነው። ባንኩ እንዲህ ያለውን ቼክ ተቀብሎ በማግስቱ ገንዘቡን ሂሳባችሁ ላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ሕጉ ቶሎ እንዲለቅ ያስገድደዋል። ገንዘቡ ታየ ማለት ግን ቼኩ ተጣርቶ አለቀ ማለት አይደለም። ሐሰተኛነቱ የሚታወቀው አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ባንኩ ገንዘቡን ከናንተ ላይ መልሶ ይወስዳል፣ ካሜራው ግን ሄዷል። ቼክ መቀበል ግድ ከሆነ ቼኩ በወጣበት ባንክ ቅርንጫፍ ከገዢው ጋር አብራችሁ ገብታችሁ ሲጻፍ ማየት ነው።

በሐበሻ ግሩፖች ደግሞ «ዶላር የለኝም፣ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦችህ በብር ላስገባ» የሚል ገዢ ይመጣል። የአገር ልጅ ስለሆነና በአማርኛ ስለሚያወራ ልብ ቶሎ ይለሰልሳል። የሚልከው የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ግን በስልክ ላይ በደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ገንዘቡ እውነት ቢገባም ምንጩን አታውቁም፣ ጣጣው የሚተርፈው ለሂሳቡ ባለቤት ነው። የእኛ ምክር ጭራሽ አትግቡበት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሸሽተው ወደ ኢቤይ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ለውድ ዕቃ እኛም ከማናውቀው ሰው ዜል ይልቅ እሱን እንመርጣለን። ሂሳቡን ግን ከመለጠፋችሁ በፊት ሥሩ። ለአብዛኛው ዘርፍ፣ ኢቤይ ላይ የሚከፈልበት ሱቅ (ስቶር) ያልከፈተ ሻጭ የሚከፍለው 13.6 በመቶ ገደማ ሲሆን በላዩ ላይ 40 ሳንቲም አለ። ሰው የሚስተው መቶኛው የሚታሰበው ገዢው በከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ መሆኑን ነው፤ ማጓጓዣውና እናንተ እጅ የማይገባው የሽያጭ ታክስ ጭምር ይቆጠራል። ሜሪላንድ ያለ ሰው ካሜራውን በ2,000 ዶላር ቢገዛ፣ ማጓጓዣውን እናንተ ችላችሁ፣ በ6 በመቶ ታክስ 2,120 ይከፍላል። ክፍያችሁ ወደ 289 ዶላር ይመጣል። ስትለጥፉ «ፕሮሞት» (ማስታወቂያው ጎልቶ እንዲታይ የሚከፈልበት) የሚለውን ምልክት ሳታነሡ አልፋችሁ 5 በመቶ ተመርጦ ከነበረ ሌላ 106 ዶላር ይጨመራል። ፖስታና ኢንሹራንሱ ሲቀነስ እጃችሁ የሚገባው 1,560 አካባቢ ነው። ሰፈር ውስጥ 1,700 በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካለ እሱ ይሻላል። ወርቅ ላይ ክፍያው እስከ 5,000 ዶላር 15 በመቶ ስለሆነ፣ በግራም ዋጋው ለሚታወቅ ጌጥ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወርቅ ቤት ዞራችሁ ጠይቁ።

አዲስ ሻጭ ከሆናችሁ ገንዘቡ እስከ 30 ቀን ሊያዝ ይችላል፤ ለቤት ኪራይ አትቁጠሩበት።

ከሽያጩ በኋላ ያለው አደጋ ይብሳል። «ሪተርን አልቀበልም» ብላችሁ ብትጽፉም ገዢው ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም ካለ በ30 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው። አንዳንዱ የናንተን ደህናውን አስቀርቶ የራሱን የተበላሸ ዕቃ ይመልሳል። ስለዚህ ከማሸጋችሁ በፊት የሲሪያል ቁጥሩን፣ የሌንሱን መስታወት፣ እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ አንሡ፤ ሲሪያል ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ ካሉት ፎቶዎች በአንዱ አሳዩ፣ ዕቃ የሚቀይረው ሰው ያንን ሲያይ ይሸሻል። ማሸጉን በቪዲዮ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ካርቶኑን የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ፖስታ ቤቱ ካውንተር ላይ አስመዝናችሁ ክብደቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። «ባዶ ካርቶን ደረሰኝ» ሲባል የሚያድናችሁ ያ ደረሰኝ ነው።

ጠቅላላው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ዕቃው በፊርማ ካልተረከበ «አልደረሰኝም» ለሚል ክስ የኢቤይ የሻጭ ጥበቃ አይሠራላችሁም። ጥቂት ዶላር ናት፣ ክፈሏት። ትዕዛዙ ላይ ካለው አድራሻ ውጭም አትላኩ። «ቤት ቀይሬያለሁ፣ በዚህኛው ላኪው» ካለ ሽያጩን ሰርዙና በትክክለኛው አድራሻ እንደገና ይግዛ። ከኢቤይ ውጭ በፔይፓል እንጨርስ የሚለውም ጥበቃችሁን ሊያስጥላችሁ ነው፤ ፔይፓል ላይ ገዢ አቤቱታ ለማቅረብ 180 ቀን አለው።

ፖስታ ቤቱ እስከ 5,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ጌጣጌጥ ሬጅስተርድ ሜይል እስከ 50,000 ይሸፍናል። ዝግ ያለ ነው፣ ግን በየእጁ ሲተላለፍ ይፈረምበታል።

ፊት ለፊት ከሸጣችሁ የናንተ ባንክ ውስጥ ተገናኙ፤ ገንዘቡን ቴለሯ ቆጥራና ሐሰተኛ አለመሆኑን አረጋግጣ ሂሳባችሁ ውስጥ ካስገባች በኋላ ዕቃውን አስረክቡ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፣ ያ ጥፋት አይደለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው።

ዕቃው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የነቃችሁ ካላችሁ አትዘግዩ። በዩኤስ ፖስታ የላካችሁ ከሆነ ለማድረስ ከመውጣቱ በፊት በትራኪንግ ቁጥሩ ኢንተርሴፕት ጠይቁ፤ ተይዞ ወደ እናንተ ሊመለስ ይችላል፣ አገልግሎቱ ይከፈልበታል። ወዲያው ባንካችሁ ጋር ደውሉ፣ የሲሪያል ቁጥሩንና መልእክቶቹን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፣ የገዢውን ገጽ ከማገዳችሁ በፊትም ውይይቱን በሙሉ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።