ስቴንትና አብሌሽን፦ ሁለቱም የተሠራለት ሰው ምን ይላል?

የልቤ ደም ቧንቧ ጠቦ፣ ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገብቶልኛል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት የምት መዛባትም ስላለብኝ፣ ምቱን ለማስተካከል የሚሠራው አብሌሽን ተሠርቶልኛል። ታዲያ «የቱ ጥሩ ውጤት አለው?» የሚል ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ለምን ብላችሁ ነው የምትገቡት?

ስቴንቱ ፈጣን ነው። ካቴተሩ (ቀጭን ቱቦ ነው) የገባው በእጄ አንጓ ሲሆን፣ ነቅቼ ስክሪኑን እያየሁ አለቀ። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኝ የነበረው ሕመም ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዕድሜ ይጨምርልኛል ብሎ ለሚገባ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሃርት አታክ ይዞት ለመጣ ሰው ስቴንት ሕይወት ያድናል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። የእኔ ግን ስንቀሳቀስ ብቻ ያመኝ የነበረው፣ የተረጋጋው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ከሬጅ የተባለ ጥናት ስቴንትን፣ በ2020 የወጣው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት ደግሞ ስቴንትና ባይፓስን (ለደሙ በቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ማበጀት ነው) ከመድኃኒት ብቻ ጋር አወዳደሩ። በሞት ቁጥር ልዩነት አልተገኘም። የደረት ሕመሙ ግን ቀለለ። በ2017 ደግሞ ኦርቢታ የተባለው ጥናት ከ200 ሕሙማን ለአንዱ ወገን ስቴንት ሳያስገባ የይስሙላ ሥራ ሠራ። ትሬድሚል ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህን ሳነብ «የእኔስ መሻል የሐሳብ ይሆን እንዴ?» አልኩ። ደግነቱ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ኦርቢታ የደረት ሕመም መድኃኒቶቹን አስቁሞ ሲሞክር፣ የስቴንቱ ጥቅም እውነተኛ ሆኖ ወጣ።

አብሌሽን ትዕግሥት ይፈልጋል። በብሽሽት ገብተው፣ ከሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልሱትን ደም ስሮች አፋቸው ዙሪያ ያቃጥላሉ ወይም ያቀዘቅዛሉ። ምቱን የሚያዛባው የኤሌክትሪክ ምልክት በአብዛኛው ከዚያ እንደሚነሳ በ1998 ያሳዩት የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች ናቸው። ጠባሳው የምልክቱን መንገድ ይዘጋል። ቤት በገባሁ ሰሞን ልቤ እንደ ተያዘ ወፍ መንፈራገጥ ሲጀምር፣ በቃ ከሸፈ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለካ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት የሚመጣው እንደ ውድቀት አይቆጠርም፤ የተቃጠለው ቦታ ገና እየዳነ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም! ከዚያ ወዲያ ረገበ። አልፎ አልፎ ብቅ ቢልም ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ድጋሚ የሚሠራላቸውም ጥቂት አይደሉም።

በሞት በኩልስ? በ2019 የወጣው ካባና የተባለ ጥናት 2,204 ሰዎች ይዞ አብሌሽንን ከመድኃኒት ጋር ሲያወዳድር በሞትም በስትሮክም የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ የሕሙማኑ ኑሮ ግን በግልጽ ተሻሽሏል። የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች መልሱ ይለወጣል፦ በ2018ቱ ካስል ጥናት አብሌሽን ሞትን ቀንሷል።

እኔን ያስቸገረኝ ሁለቱ ሕመሞች ኪኒን ላይ ሲገናኙ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የስትሮክን አደጋ ወደ አምስት እጥፍ ያደርሰዋል፤ ለዚህ ደም ማቅጠኛ አለ። አብሌሽኑ ተሳካ ተብሎም አይጣልም፤ የሚወሰነው በዕድሜ፣ በግፊት፣ በስኳርና በመሳሰለው ነው። ስቴንቱ ደግሞ ደም እንዳይረጋበት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይፈልጋል። ሁሉን አብሬ ስውጥ ድዴ ይደማል፣ ትንሽ ስጋጭ ቆዳዬ ይበልዛል። ስቴንት ወይም ባይፓስ ከተሠራላቸው ዓመት ላለፋቸው ሕሙማን ግን የጃፓኑ አፋየር ጥናት በ2019 መልስ ሰጥቷል፦ ሪቫሮክሳባን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ብቻውን የወሰዱት አስፕሪን ወይም መሰሉን ከጨመሩበት ያነሰ ደሙ፤ የሞቱትም ያነሱ ነበሩ።

ዓመት ሲያልፈኝ ይህን አንስቼ ጠየቅኩ። የቧንቧው ሐኪም «የምቱን ሐኪም ጠይቅ» አሉኝ። የምቱ ሐኪም መልሰው ወደ ቧንቧው ላኩኝ። ክፍሎቻቸው አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው! በመጨረሻ ያስማማቻቸው መድኃኒት የምትሰጠኝ ፋርማሲስት ናት፤ ለሁለቱም ደውላ። (እናንተ ግን ሐኪም ሳይል በራሳችሁ እንዳታቆሙ።)

አሁን የምወስደው አንድ ደም ማቅጠኛ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲንና የግፊት ኪኒን ነው። ኮከብ ስጥ ከተባልኩ ለስቴንቱ አራት፣ ለአብሌሽኑ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ለሁለቱ ክፍሎች መነጋገር አንድ፤ እሷም ለፋርማሲስቷ ስል ናት።